«እሺ» ያለው ሰው ምን አለ?

ባልደረባዬን «ያንን ሪፖርት ለሐሙስ አድርሺልኝ» አልኳት። «እሺ» አለችኝ። ሁለታችንም ቀልሎን ወደየሥራችን ሄድን።

ረቡዕ ማታ ኢሜሌን ከፈትኩ፤ የለም። ሐሙስ ጠዋት ከፈትኩ፤ የለም። ሪፖርቱ የሚፈለገው ጠዋት አራት ሰዓት ላይ ላለ ስብሰባ ነው። ባዶ እጄን ገባሁ። ሥራው የደረሰኝ ሐሙስ አመሻሽ ላይ ነው። እንከን የማይወጣለት ሃያ ገጽ፣ ከነሽፋኑ፣ ከነሰንጠረዡ። እኔ የፈለግኩት ሁለት ገጽ ረቂቅ ነበር።

መጀመሪያ ተናደድኩ። ማታ ላይ ግን ያልኩትን ነገር በሐሳቤ ደጋግሜ ሳዳምጠው ንዴቱ ወደ ራሴ ዞረ። እኔ «ለሐሙስ» ስል «ስብሰባ ከመግባቴ በፊት» ማለቴ ነው። እሷ የሰማችው «ሐሙስ ሳያልፍ» የሚለውን ነው። ስለ ስብሰባው ትንፍሽ አላልኩም። «ረቂቅ» የሚል ቃልም ከአፌ አልወጣም። ልጅቷ ያጠፋችው አንድም ነገር የለም።

«እሺ ይበልጣል ከሺ» ይባላል። ለጉርብትና፣ ለዝምድና እውነት ነው። ሥራ ላይ ግን ይህች ባለ ሁለት ፊደል ቃል የምትሸከመው ጉድ ብዙ ነው። እሺ፣ ሰምቻለሁ። እሺ፣ ተስማምቻለሁ። እሺ፣ አደርገዋለሁ። እሺ፣ አልገባኝም፤ ግን መጠየቅ አፍሬያለሁ። እሺ፣ በቃ አሁን ልቀቀኝ። ፊት ለፊት ሲሆን የድምፁ ቃና ትንሽ ይጠቁማል። ቴሌግራም ላይ የተጻፈ «እሺ» ግን ሁሉንም ነው፤ ወይም ምንም አይደለም። አውራ ጣት ብቻ ሲላክልንማ አንብቦ ይሁን ሳያነብ፣ ያውም መልካም ዕድል ተመኝቶልን ይሁን ሥራውን ተረክቦ፣ የሚያውቀው ላኪው ብቻ ነው።

ስለ ቡድን ሥራ የሚሰጡ ምክሮች አብዛኞቹ አነጋገር ላይ ያተኩራሉ። በልበ ሙሉነት ተናገር፣ ዓይን ለዓይን ተያይ፣ አጭር ሁን። አይጎዱም። እኔ ግን በዓመታት ያየሁት ስህተት አብዛኛው የሚፈጠረው ቃሉ ከአፍ ከወጣ በኋላ ነው። ተናጋሪው ተናግሮ ይሄዳል። ሥራውን የሚሠራው ደግሞ ሰሚው ነው፤ የሚሠራውም የሰማውን ነው። መሃል ላይ ያለውን ክፍተት ማንም አይፈትሸውም። በአማርኛ ለዚህ ግሩም ቃል አለን፣ «መናበብ» እንላለን። አንዱ ሌላውን ማንበብ። ቡድኑ አይናበብም ስንል ሰዎቹ አይነጋገሩም ማለታችን አይደለም። እንዲያውም አፍ አፍ እየተናጠቁ ሲያወሩ ውለው የማይናበቡ ሞልተዋል።

አንዲት «ኦኬ»

ይህ ጉዳይ የሪፖርት መዘግየት ብቻ አይደለም። እ.ኤ.አ. ማርች 27፣ 1977 በስፔኗ ቴኔሪፌ ደሴት የሆነውን እንመልከት።

በዕለቱ በአጎራባች ደሴት ያለ አየር ማረፊያ ላይ ቦምብ በመፈንዳቱ ወደዚያ የሚያመሩ አውሮፕላኖች ቴኔሪፌ ወዳለው ሎስ ሮዴዮስ አየር ማረፊያ እንዲያርፉ ተደርጓል። ቦታው ጠባብ ነው፤ ተጨናንቋል። ጉም ወርዷል። ሁለት ቦይንግ 747 አውሮፕላኖች፣ አንዱ የሆላንዱ አየር መንገድ የኬኤልኤም፣ አንዱ የአሜሪካው የፓን አም፣ አንድ መንደርደሪያ ላይ ናቸው። አይተያዩም። ማማው ላይ ያለው ተቆጣጣሪም አያያቸውም። ሁሉም ያለው ሬዲዮ ብቻ ነው።

የኬኤልኤሙ ረዳት አብራሪ በሬዲዮ «አሁን መነሳት ላይ ነን» ዓይነት ነገር ተናገረ። መንደርደር ጀምረናል ማለቱ ነው? ወይስ ለመነሳት ተዘጋጅተን ቆመናል? ተቆጣጣሪው ቆመዋል ብሎ ወሰደው። «ኦኬ» አለ። ትንሽ ዝም አለ። ቀጠል አድርጎ «ለመነሳት ተጠባበቁ፣ እጠራችኋለሁ» አለ። በዚያችው ቅጽበት የፓን አም አብራሪዎች «እኛ ገና መንደርደሪያው ላይ ነን» ብለው ገቡ። በአንድ ሞገድ ላይ ሁለት ሰው እኩል ሲናገር የሁለቱም አይሰማም፤ የሚሰማው ፉጨት ነው። ኬኤልኤም ጆሮ ውስጥ ጥርት ብላ የገባችው አንዲት ቃል «ኦኬ» ነበረች።

አውሮፕላኑ እየተንደረደረ ሳለ የበረራ መሐንዲሱ ጥርጣሬ ገባው። «ያኛው አልወጣም እንዴ?» ብሎ ጠየቀ። ዋናው አብራሪ፣ ሌሎችን የሚያሠለጥኑ አንጋፋ ሰው፣ «ወጥቷል እንጂ» በሚል ቃና መለሱለት። መሐንዲሱ አልደገመም። 583 ሰው አለቀ። በአቪዬሽን አደጋ ታሪክ እስከ ዛሬ ከዚህ የከፋ የለም።

ከዚያ በኋላ የመጣው ለውጥ ላይ ነው እኔ የምቆየው። «መነሳት» የሚለው ቃል ታጠረ። ፈቃድ ሲሰጥ ወይም የተሰጠው ፈቃድ ሲሰረዝ ካልሆነ በቀር በሬዲዮ አይነሳም፤ ስለ ዝግጅቱ ሲወራ ሌላ ቃል ተመደበለት። «ኦኬ» እና መሰሎቿም ለእንዲህ ያለ ፈቃድ ብቻቸውን መልስ መሆናቸው ቀረ። አብራሪው የተነገረውን መልሶ ያሰማል፤ ተቆጣጣሪው ያዳምጣል፤ ከተሳሳተ ያርመዋል። ምልልሱ የሚዘጋው ያኔ ነው። ልብ በሉ፣ ይህ ለውጥ «በደንብ አዳምጡ» የሚል ስብከት አይደለም። ጆሮ እንደሚያታልል ተቀብለው ነው አሠራሩን የለወጡት።

ቢሮ ውስጥ እንዴት ይደረጋል?

እንደ ወታደር መድገም አያስፈልግም። «ገባህ?» የሚለውን ጥያቄ መተው ግን ያስፈልጋል። «ገባህ?» ሲባል «አልገባኝም» የሚል ሰው ስንት አይታችኋል? ጥያቄው ራሱ መልሱን ይዞ ነው የመጣው። ያልገባው ሰውማ እንዳልገባው የት ያውቃል? የእኔዋ ባልደረባ ሐሙስ ማታ ማለት እንደሆነ በደንብ ገብቷት ነበር።

የሚሠራው ጥያቄ ጥፋቱን ወደ ተናጋሪው የሚያዞረው ነው። «እኔ ነገር ስለማንዛዛ ነው፤ እስኪ ከምን ልትጀምር እንዳሰብክ ንገረኝ።» ሰውየው እንደ ተማሪ አልተፈተነም። የሚናገረውም የእኔን ቃል ሳይሆን የራሱን ዕቅድ ነው። ስህተት ካለ እዚያ ላይ ብቅ ይላል። ተቀባይ ከሆናችሁ ደግሞ ማንም ሳይጠይቃችሁ አንድ መስመር ጻፉ፦ «እንግዲህ ሁለት ገጽ ረቂቅ፣ ረቡዕ ማታ፣ ያለ ሰንጠረዥ። ልክ ነኝ?» ይህችን ለመጻፍ ግማሽ ደቂቃ አይፈጅም። ሃያ ገጽ ለመጻፍ የሚፈጀውን እኔም ባልደረባዬም እናውቀዋለን።

ተራራው ላይ ያለው ሰው

ግልጽ አድርጌ ተናገርኩ ብለን ከልባችን የምናምነው ለምንድን ነው? እ.ኤ.አ. በ1990 ኤልዛቤት ኒውተን የምትባል የስታንፎርድ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪ አንድ ቀላል ሙከራ አድርጋለች። ግማሾቹ ሰዎች በጣም የታወቀ ዘፈን ምት በጣታቸው ጠረጴዛ ላይ ይመታሉ፤ ግማሾቹ ዘፈኑን ይገምታሉ። መቺዎቹ አድማጮቻችን ግማሽ ያህሉን ያውቁታል ብለው ገመቱ። 120 ዘፈን ተመታ። የታወቀው 3 ብቻ ነው።

ምክንያቱ ግልጽ ነው። ሲመቱ ዜማው በጭንቅላታቸው ውስጥ ይዘፈናል። ለአድማጩ የሚደርሰው ግን ኳ ኳ፣ ኳኳ፣ ኳ ነው። መቺው እንዲያውም ይበሳጫል፤ «ይህ እንዴት ይጠፋዋል?» ይላል። ሥራ ላይ የምንባባለው ነገር ብዙውን ጊዜ ይህ ኳኳታ ነው። ጉዳዩን ለሳምንት ሳብላላው ከርሜ ለሌላው በሁለት ዓረፍተ ነገር አቀብለዋለሁ። ዜማው እኔ ጋ ነው የቀረው።

በጦር ታሪክ ውስጥ የዚህ ምሳሌ የሚሆን አሳዛኝ ትእዛዝ አለ። እ.ኤ.አ. ኦክቶበር 25፣ 1854፣ ክራይሚያ ውስጥ ባላክላቫ። የእንግሊዙ የጦር አዛዥ ሎርድ ራግላን ከፍታ ላይ ቆመው ሜዳውን በሙሉ ያያሉ። ሩሲያውያን ከጎን ባለው ኮረብታ ላይ የማረኩትን መድፍ ሊወስዱ ሲሉ አዩ። ፈረሰኛው ጦር በፍጥነት ወደ ፊት ሄዶ መድፎቹ እንዳይወሰዱ እንዲከላከል በብጣሽ ወረቀት ትእዛዝ ላኩ። ሸለቆው ውስጥ ያለው የፈረሰኛ አዛዥ ሎርድ ሉካን ግን ያን ኮረብታ ከቆመበት አያይም። የትኞቹን መድፎች? መልእክተኛው ካፒቴን ኖላን ንቀት ባለበት አኳኋን እጁን ወደ ሸለቆው ወርወር አድርጎ «ጠላትዎ ያውልዎት፣ መድፎቹም ያውልዎት» አለ። 670 ያህል ፈረሰኛ በቀጥታ ወደ ሸለቆው መጨረሻ፣ ወደ ተደገነው የሩሲያ የመድፍ ረድፍ ጋለበ። ከመቶ በላይ ሞቱ። ኖላንም ገና ከመጀመሪያዎቹ ሟቾች አንዱ ነበር፤ ትእዛዙን እንዴት እንደተረዳው ሳይታወቅ ቀረ።

በወረቀቱ ላይ የጎደለው አንድ ነገር ነበር፦ ተራራው ላይ ያለው ሰው የሚያየው። «በስተቀኝ ያለው ኮረብታ ላይ የማረኩብንን መድፍ እየወሰዱ ነው» ቢባል ኖሮ ሉካን የት እንደሚሄድ ለማወቅ መልእክተኛ አይጠይቅም ነበር። አለቆች ሁልጊዜ ተራራው ላይ ናቸው። ደንበኛው ምን እንዳለ፣ በጀቱ የት እንደደረሰ፣ ነገ ማን እንደሚመጣ ያውቃሉ። ታች ላለው የሚደርሰው ግን «ቶሎ ጨርሱት» ነው። ምክንያቱን መናገር ለሠራተኛ የሚደረግ ውለታ ይመስላቸዋል አንዳንዶቹ። ምክንያቱ የትእዛዙ አካል ነው። «ሪፖርቱን አድርሺልኝ» እና «አራት ሰዓት ላይ በጀት ለመጠየቅ ስለምገባ ሁለት ገጽ ያስፈልገኛል» ሁለት የተለያዩ ሥራዎች ናቸው። ሁለተኛውን የሰማ ሰው እኔ ያልነገርኩትን ጭምር ራሱ ይሞላዋል፤ ምናልባትም ያልጠየቅኩትን የበጀት ቁጥር ጨምሮ ያመጣልኛል።

«አቅጣጫ ተቀምጧል»

ቋንቋችን አንድ ወጥመድ አለበት። አድራጊውን ሳይጠራ ሙሉ ዓረፍተ ነገር መሥራት በአማርኛ እንደ ውኃ ነው። «ይታያል።» «ይስተካከላል።» «ክትትል ይደረግበታል።» ቃለ ጉባኤ ሲጻፍማ ይብሳል፦ «በአስቸኳይ ተግባራዊ እንዲደረግ አቅጣጫ ተቀምጧል።» ማን አስቀመጠ? ማን ያነሳዋል? አስቸኳይ ስንት ቀን ነው? ዓረፍተ ነገሩ ግን ሲነበብ ደስ ይላል፤ ሥራ የተሠራ ያስመስላል።

ሌላዋ ደግሞ «እናየዋለን» ናት። ስምንት ሰው ባለበት ስብሰባ «እናየዋለን» ከተባለ ማንም አያየውም። ስምንቱም ሌላው ያየዋል ብሎ ይወጣል። እኔ የምሠራበት ቡድን ውስጥ አሁን አንድ ደንብ አለን፤ ከስብሰባ ሳንነሳ እያንዳንዱ የተወሰነ ነገር ከአንድ ሰው ስም ጋር ይጻፋል። የሁለት ሰው ስም አይጻፍም። ሁለት ሰው ከተጻፈ አንደኛው በሌላው ይተማመናል። ሲጀመር ትንሽ ያሳፍር ነበር፤ ሰው አፍጥጦ ሥራ መስጠት ይመስላል። አሁን ለምደነዋል።

ጽሑፍ ላይም ያው ነው። ይህን መልእክት እዩ፦ «ሰላም፣ የደንበኛው ፋይል ላይ ትንሽ ችግር ስላለ ቶሎ ቢታይ ጥሩ ነው።» የላከው ሰው ግዴታውን የተወጣ ይመስለዋል። አሁን ይህን እዩ፦ «ሰላም። ይህን አንቺ ያዢልኝ። ትናንት በላክነው የክፍያ ሰንጠረዥ ሦስተኛ ገጽ ላይ ድምሩ ስህተት ነው። አስተካክለሽ ዛሬ እስከ ዘጠኝ ሰዓት ለደንበኛው ላኪው፤ አሥር ሰዓት ላይ ሊፈርሙ ነው። ሌላው ገጽ አይነካ።» የመጨረሻዋን ዓረፍተ ነገር እወዳታለሁ። የማይደረገውን መናገር ብዙዎቻችን እንረሳለን። «ትንሽ አስተካክለው» ተብሎ ከሥሩ ተገንብቶ የመጣ ሰነድ ያላየ ማን ነው?

ቅኔ የሚወድ ሰው ሰምና ወርቁን ፈልቅቆ ያውጣ። የሥራ መልእክት ግን ወርቁ ከላይ ይሁን። በተለይ መጥፎ ዜና። ከሦስት አንቀጽ መግቢያ በኋላ «በዚህም ምክንያት ትንሽ መዘግየት ሊኖር ይችላል» የሚል የተቀበረ ዓረፍተ ነገር የሚያገኘው ስንቱ ነው? «በሰዓቱ አይደርስም፤ ሁለት ቀን እንፈልጋለን» ብሎ መጀመር፣ ምክንያቱን ከዚያ ማስከተል።

አንዲት ነገር ልጨምርና ልለፍ። «ሰላም» ብሎ ብቻ ልኮ መልስ የሚጠብቅ ሰው። «ሰላም፣ እንዴት ነህ» ስለው ይጠፋል። ከሃያ ደቂቃ በኋላ «ደህና ነኝ። አንድ ነገር ልጠይቅህ ነበር» ይላል። ደግሞ ይጠፋል። እስኪመለስ ድረስ ልቤ የሆነ ነገር ጠርጥራ ትመታለች። ጥያቄው የዋይፋይ ፓስወርድ ነው። ወዳጆቼ፣ ሰላምታውንና ጥያቄውን አብራችሁ ላኩ።

ስማ በለው

ሰው ሲጨምር ነገሩ የሚወሳሰበው ከምንገምተው በላይ ነው። አምስት ሰው ባለበት ቡድን ውስጥ ሁለት ሁለት ሆነው ሊነጋገሩ የሚችሉበት መንገድ 10 ነው። አሥር ሲሆኑ 45። አሥራ አምስት ሲሆኑ 105። የሶፍትዌር መሐንዲሱ ፍሬድ ብሩክስ የዘገየ ፕሮጀክት ላይ ሰው መጨመር ይበልጥ ያዘገየዋል ያለው አንዱ ምክንያት ይህ ነው። አዲሱ ሰው እጅ ብቻ ይዞ አይመጣም፤ ሊነገረው የሚገባ ጆሮም ይዞ ነው የሚመጣው።

ስለዚህ ሁሉንም ለሁሉም ማሰማት መፍትሔ ይመስላል። አርባ ሰው ያለበት ግሩፕ ይከፈታል። እዚያው ላይ የስብሰባ ሰዓት፣ የልደት ምኞት፣ አስቸኳይ ብልሽት፣ የተላለፈ ቀልድ። ማታ 312 ያልተነበበ መልእክት። የሚፈለገው ውሳኔ 187ኛው ላይ ተቀብሯል። «ግሩፑ ላይ ጽፌው ነበር እኮ» የሚል ሰው ሲያጋጥመኝ፣ መጻፉን እንጂ መድረሱን እንዳልነገረኝ አስታውሳለሁ። ወሬ በዚህ መሃል ስማ በለው ይሆናል። ያነበበው ላላነበበው ይነግረዋል፤ ሦስተኛው ጋ ሲደርስ ማክሰኞ ረቡዕ ሆኗል።

እኔ የማምነው ክፍፍሉ ላይ ነው። ለወሬ፣ ለቀልድ፣ ለፈጣን ጥያቄ ቻት። ለስሜት የሚቀርብ ነገር፣ ማለትም ቅሬታ፣ ነቀፌታ፣ አለመግባባት፣ ስልክ ወይም ፊት ለፊት፤ በጽሑፍ የተላከ ቀልድ እንኳ ስድብ ሆኖ የሚነበብበት ጊዜ ብዙ ነው። ለውሳኔ ደግሞ አንድ የታወቀ ቦታ። የትም ይሁን፤ ሰነድ፣ ሰሌዳ፣ ደብተር። አንድ ይሁን እንጂ።

ይህን ቸል ያለ ሰው ዋጋው ምን እንደሆነ ናሳ አሳይቶናል። እ.ኤ.አ. ሴፕቴምበር 23፣ 1999 ማርስን እንድትዞር የተላከች መንኮራኩር ጠፋች። አንዱ ቡድን የሚልከው የሞተሮቿ የግፊት ኃይል ቁጥር በፓውንድ መለኪያ የተሰላ ነው፤ ተቀባዩ ቡድን በኒውተን መለኪያ አድርጎ አነበበው። ልዩነቱ 4.45 እጥፍ ነው። ይህን ብዙ ሰው ያውቀዋል። ብዙም የማይወራው ሌላው ነው። መንኮራኩሯን የሚመሩት ባለሙያዎች ቁጥሩ ልክ እንዳልሆነ አስቀድመው ጠርጥረው ነበር። ስጋታቸውን ግን ችግር ወደሚመዘገብበት መደበኛ መንገድ አላስገቡትም፤ በኢሜልና በንግግር ነው የተመላለሱበት። የተመዘገበ ጉዳይ ባለቤት ይኖረዋል፣ እስኪዘጋ ይጠየቅበታል። በወሬ ያለፈ ስጋት ግን ከወሬው ጋር ያልፋል።

ዝም አይነቅዝም?

አሁን ወደ ከባዱ መጣን። እስካሁን ያልኩት ሁሉ የሚሠራው ሰው አፉን ከከፈተ ነው። «ዝም አይነቅዝም» ሲባል አድገናል። ዝም ያለ አይሳሳትም፣ አይጠየቅም። ለግለሰቡ እውነት ሊሆን ይችላል። ቡድን ውስጥ ግን ዝምታ ይነቅዛል፤ ሽታው የሚወጣው ደግሞ ዘግይቶ ነው።

ዝምታ ስል ምንም አለመናገርን ብቻ አይደለም። አለሳልሶ መናገርም ከዝምታ አይሻልም። እ.ኤ.አ. ጃንዋሪ 25፣ 1990 የኮሎምቢያው አቪያንካ በረራ 52 ኒውዮርክ ለማረፍ ሲጠባበቅ ከአንድ ሰዓት በላይ በአየር ላይ ዞረ። ነዳጁ እያለቀ ነው። የመጀመሪያው የማረፍ ሙከራ ከሸፈ። ዋናው አብራሪ ረዳቱን የድንገተኛ አደጋ ጊዜ ላይ መሆናችንን ንገራቸው አለው። ረዳቱ በሬዲዮ የተናገረው «ነዳጅ እያለቀብን ነው» የሚል ነው፤ «ድንገተኛ አደጋ» የሚለውን ቃል አላወጣም። ተቆጣጣሪው ራቅ አድርጎ ሊያዞራቸው ሲል «ይህ ከነዳጃችሁ ጋር ይስማማችኋል?» ብሎ ጠየቀ። ረዳቱ «መሰለኝ፣ በጣም አመሰግናለሁ» ብሎ መለሰ። ከጥቂት ደቂቃ በኋላ ሞተሮቹ ጠፉ። ከ158 ሰው 73ቱ ሞቱ።

«መሰለኝ፣ በጣም አመሰግናለሁ።» ይህችን ዓረፍተ ነገር ሳነብ ሁልጊዜ ሆዴን ባር ባር ይለኛል። ምክንያቱም አውቃታለሁ። እኔም ብያታለሁ። «ትንሽ ጫና አለ እንጂ እንሞክራለን» ብዬ እንደማይሳካ ያወቅኩትን ሥራ ደብቄያለሁ። «ምናልባት አንድ ጊዜ ብናየው አይከፋም» ብዬ አለቃዬ ገደል ሊገቡ ሲሉ በጨዋ ደንብ አሳልፌያቸዋለሁ። እንግዲህ አንቱታው ራሱ ችግር አይደለም። «እርስዎ እንዳሉት ካደረግነው ዳታው ይጠፋል» ማለት ይቻላል። ክብሩ በአንቱታው ውስጥ አለ፤ ይዘቱን ማድበስበስ አያስፈልገውም።

ግን ታች ያለውን ሰው «ተናገር» ማለት ብቻ ፍርደ ገምድልነት ነው። መናገር የሚያስከፍል ከሆነ ዝም ያለው ሰው ሒሳቡን በትክክል ሠርቷል። የሃርቫርድ ተመራማሪዋ ኤሚ ኤድመንድሰን በ1990ዎቹ ሆስፒታሎች ውስጥ ጥሩ የሚሠሩ ቡድኖች የመድኃኒት ስህተታቸው ያነሰ መሆኑን ለማየት ሄደች። ያገኘችው ተቃራኒውን ነው፤ የተሻሉት ቡድኖች የመዘገቡት ስህተት ይበልጣል። ቆይታ ነው ምስጢሩ የገባት። እነሱ አብልጠው እየተሳሳቱ አልነበረም፤ የተሳሳቱትን ይናገራሉ። በሌሎቹ ዘንድ ስህተቱ አለ፣ ግን ተደብቋል። ስህተት የማይሰማበት ቡድን ሳይ ከዚያ ወዲህ ደስ አይለኝም።

ይህ ድባብ የሚሠራው ደግሞ በትንንሽ ነገር ነው። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2008 ባወጣው የቀዶ ሕክምና የማረጋገጫ ዝርዝር ውስጥ አንድ አስቂኝ የሚመስል ነጥብ አለ፦ ቢላዋ ከመነሳቱ በፊት በክፍሉ ያለ ሁሉ ስሙንና ሥራውን ይናገር። ምክንያቱ ቀላል ነው፤ አንድ ጊዜ ድምፁን ያሰማ ሰው ሁለተኛ ጊዜ ለመናገር አይከብደውም። ዝርዝሩ በስምንት ከተሞች በሚገኙ ስምንት ሆስፒታሎች ሲሞከር የሞት መጠኑ ከ1.5 በመቶ ወደ 0.8 በመቶ ወረደ። ታዲያ በኋላ በካናዳዋ ኦንታሪዮ ግዛት በ101 ሆስፒታሎች ውስጥ ሥራ ላይ ሲውል ይህ ነው የሚባል ለውጥ አልታየም። ምክንያቱ እስከ ዛሬ ያከራክራል። እኔ ወደ አንደኛው ወገን አደላለሁ፦ ወረቀት ላይ ምልክት ማድረግና ሰው መነጋገሩ አንድ አይደሉም።

አለቃ ለሆነ ሰው ከሁሉ የሚበልጠው ፈተና የመጀመሪያው መጥፎ ዜና የመጣለት ቀን ነው። ዜናውን ያመጣው ልጅ ፊቱን እያየ ነው። የቀሩትም እያዩ ነው። «ለምን አሁን ትነግረኛለህ!» ካለ፣ የሚቀጥለው ሰው ከዚህም ዘግይቶ ይነግረዋል፤ ወይም አይነግረውም። «ጥሩ አደረግህ። ምን ያህል ጊዜ አለን?» ካለ ሌላ ነው። በስብሰባ ላይም አለቃው አስቀድሞ ሐሳቡን ከተናገረ በኋላ «እናንተስ ምን ትላላችሁ?» ማለቱ የማጨብጨቢያ ሰዓት መስጠት ነው። መጨረሻ ይናገር።

በቅርቡ አንድ ነገር ደግሞ ተጨመረ። ሰዎች መልእክታቸውን በኤአይ ማስጻፍ ጀምረዋል። ሰዋስው የተስተካከለ፣ ትሕትናው የተትረፈረፈ፣ ባለ ስድስት አንቀጽ መልእክት ይደርሰኛል። ተቀባዩ ደግሞ ረዘመብኝ ብሎ በኤአይ ያሳጥረዋል። በመሃል ላኪው ምን እንደፈለገ ላኪው ራሱ የወሰነ አይመስለኝም። በመሣሪያው ላይ ቂም የለኝም፤ እኔም እጠቀምበታለሁ። ግን ማን፣ ምን፣ መቼ፣ ለምን የሚሉትን አራቱን በእጄ ሳልጽፍ አልከፍተውም።

ሁሉንም ማስደገም ግን ያሰለቻል። አለቃዬ እያንዳንዱን ነገር ደግመህ ንገረኝ ቢሉኝ እኔም ሥራ እለቃለሁ። አብራሪዎችም ሁሉንም አይደግሙም። የአየር ሁኔታ መረጃ ሲነገራቸው መቀበላቸውን ብቻ ነው የሚያሳውቁት፤ መንደርደሪያ ላይ መግባት፣ መነሳት፣ ማረፍ፣ የከፍታ ቁጥርና አቅጣጫ ሲሆን ግን ቃል በቃል ይደግማሉ። የሚደገመው ስህተቱ የማይመለሰው ነው። እኛ ቡድን ውስጥ ተነጋግረን አራት ነገር መረጥን፦ ቀንና ሰዓት፣ የገንዘብ መጠን፣ ለደንበኛ የሚላክ ማንኛውም ነገር፣ እና የሚሰረዝ ፋይል። በእነዚህ ላይ «እሺ» ብቻ መልስ አይደለም። በቀረው ላይ አውራ ጣት ይበቃል።

ባለፈው ሳምንት ያቺው ባልደረባዬ «ለማክሰኞ ይድረስህ?» ብላ ጻፈችልኝ። «እሺ» ብዬ ልልክ ጣቴ ቁልፉ ላይ ነበር። እሷ ቀደመችኝ፦ «ማክሰኞ ጠዋት ነው ማታ?»